የእጮኛዬ ወረቀት ለሁለታችን ይበቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዘጌ ነው። ቤተሰቦቼ ሽማግሌ ተቀብለው ሠርጋችን ለጥር 25 ተቆርጧል። እጮኛዬ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ከርሞ ጥቅምት 28 ቀን ተመለሰ፤ ኅዳር 10 ቀንም የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጎ ከቫይረሱ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አሳየኝ። አብረን እንመርመር ስለው ግን «ወረቀቱ ለሁለታችንም ይበቃል፤ አታምኚኝም ማለት ነው?» ብሎ ተቀየመኝ። ብቻዬን ሄጄ እንዳልመረመር ደግሞ በአካባቢያችን ጤና ጣቢያ የምትሠራው የአክስቴ ጎረቤት ናት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እጮኛዎ ማንም ሳያስገድዳቸው ተመርምረው ውጤቱን ማሳየታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ መተማ ሠርተው መመለሳቸውም በራሱ የሚያስጠረጥራቸው ነገር አይደለም። ሆኖም ወረቀቱ እርሳቸው እንዳሉት ለሁለት ሰው ሊበቃ ይቅርና፣ ለራሳቸውም ገና ሙሉ መልስ አልሰጠም።

በየጤና ተቋሙ የጣት ደም ተወስዶ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውጤቱ የሚነገርበት ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን፣ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ቫይረሱ በገባ ማግስት አይገኝም፤ ብዙ ሰዎች ላይ በሳምንታት ውስጥ የሚታይ ቢሆንም እስከ 3 ወር ሊዘገይ ይችላል። ባለሙያዎች «የመስኮት ጊዜ» የሚሉት ይህንን ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቫይረሱ ያለበት ሰው ምርመራው «ነፃ» ሊለው፣ እርሱ ግን ወደ ሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆኑ ለስሌቱ ያመቻል። እጮኛዎ መተማ ሳሉ ለቫይረሱ የሚያጋልጥ አጋጣሚ ገጥሟቸው ከሆነ፣ ከተመለሱበት ከጥቅምት 28 ጀምሮ ሲቆጠር 90ው ቀን የሚሞላው ጥር 28 ነው፤ የተመረመሩት በ12ኛው ቀን ሲሆን፣ ሠርጋችሁ ደግሞ መስኮቱ ከመዘጋቱ 3 ቀን ይቀድማል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ አለመኖሩን የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ እርስዎም መርማሪ ፖሊስ መሆን አይጠበቅብዎትም። ጥያቄውን ለምክር አገልግሎት ባለሙያው ይተዉለት፤ ባለሙያው ሁለታችሁንም በየተራ ለብቻ ሊያነጋግር ይችላል።

የእርሳቸው ውጤት የእርስዎ ውጤት ሊሆን የማይችለውም በቀላል ምክንያት ነው። ቫይረሱ በእያንዳንዱ ግንኙነት አይተላለፍም፤ ስለዚህ ለዓመታት አብረው ከኖሩ ባልና ሚስት አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ሌላው ነፃ ሆኖ ይገኛል። ከእናታቸው በልጅነታቸው ይዟቸው ሳያውቁት ያደጉ ወጣቶችም አሉ። ስለዚህ እርስዎም የራስዎን ጣት መስጠት ይኖርብዎታል።

የእኔ ምክር አሁኑኑ አብራችሁ እንድትመረመሩ፣ ጥር 28 ካለፈ በኋላም እጮኛዎ እንዲደግሙ፣ እስከዚያው ግን ኮንዶም እንድትጠቀሙ ነው። ቀኑን መግፋት የሚቻል ከሆነ ግን የተሻለው እርሱ ነው፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ጊዜ ካለ ወደ የካቲት፣ ከሌለም ከፋሲካ በኋላ። ይህንንም ጌሾው ሳይወቀጥና ጠላው ሳይጠመቅ ለወላጆች መንገር ይሻላል፤ ዘመድ ከተጠራና ድንኳን ከተተከለ በኋላ የሚደረግ ምርመራ በስም እንጂ በተግባር በፈቃድ የሚደረግ አይሆንም። አንዳንድ አጥቢያዎች ከጋብቻ በፊት የምርመራ ውጤት ይጠይቃሉ፤ አሳቡ ደግ ቢሆንም፣ ለወረቀቱ ሲባል ብቻ በሠርጉ ሳምንት የሚሮጡ ሙሽሮች የምክሩን ክፍል ሳይሰሙ ይወጣሉ።

ስለ አክስትዎ ጎረቤት የጻፉት አያስገርመኝም፤ በጣና ዳር ወሬ ከጀልባ ይቀድማል። የጤና ባለሙያ የተመርማሪውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህንን ማወቅዎ ግን ፍርሃቱን ካላራቀልዎ በግድ እዚያው መመርመር የለብዎትም። ከዘጌ ባሕር ዳር በጀልባ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎችን ጨምሮ በከተማው የሚያውቅዎ ሰው የሌለበት የጤና ተቋም አያጡም። ለገበያ ብለው ወጥተው በዚያው ቀን ይመለሳሉ።

ውጤቱ ያልጠበቃችሁት ቢሆንስ? በመጀመሪያ፣ አንድ ምርመራ ቫይረሱ አለ ስላለ ብቻ ማንም ሰው ቫይረሱ አለብህ አይባልም፤ በሌሎች የምርመራ ዓይነቶች መረጋገጥ አለበት። ከተረጋገጠ ሕክምናው ሳይውል ሳያድር ይጀመራል፤ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነፃ ይሰጣል፤ ዛሬ ለብዙዎች በቀን አንድ ፍሬ ብቻ ሆኗል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር አጋሩ አያስተላልፍም። ሕክምናዋን የምትከታተል እናትም ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ የመውለድ ዕድሏ እጅግ ከፍተኛ ነው። ጸበል መጠመቅ ለሚሻም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል።

እጮኛዎን ደግሞ «አላምንህም» ሳይሆን «እኔም ልመርመር፤ አብረኸኝ ሁን» ብለው ይጠይቋቸው። ይህ ከዚያ በኋላም ካስቀየማቸው፣ ቅያሜው የመጣው ከምርመራው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ 19 ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ። አዋዋሉ ስላሳሰበኝ ለወባ ምርመራ ብዬ ወስጄ፣ ሳይነገረው የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግለት ለማድረግ አስቤያለሁ። ይፈቀድልኛል? (ከባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ)

መልስ፦ አይፈቀድልዎትም። በአገራችን የምርመራ መመሪያ 15 ዓመት የሞላው ሰው ስለ ምርመራው የሚወስነው ራሱ ነው። ሐኪም ለታካሚው ምርመራውን ሊያቀርብለት ይችላል፤ ታካሚው ግን አውቆ መፍቀድ አለበት፤ አልፈልግም ቢልም ሌላው ሕክምና አይከለከልም። ተደብቆ የተመረመረ ልጅ ውጤቱ ምንም ቢሆን ዳግመኛ ወደዚያ ጤና ጣቢያ አይሄድም፤ እርስዎንም አያማክርዎትም። ይልቅ ያሳሰበዎትን ነገር በግልጽ ይንገሩት፤ ከፈለገ በር ድረስ ይሸኙት፤ ሲወጣም ወረቀቱን እንዲያሳይዎት አይጠይቁት።