«ጋዝ አልቋል» ከመባሉ በፊት፦ የቤት ኤሲ የኤሌክትሪክ ብልሽቶች

በዚህ ጊዜ የደረሱኝ ጥያቄዎች የመጡት ከሞላ ጎደል ከቆላው አካባቢ ሲሆን፣ የብዙዎቹ ቅሬታ ኤሲው ሲበላሽ የተጠራው ባለሙያ ገና ክዳኑን ሳይፈታ «ጋዝ አልቋል» ማለቱ ነው። ጋዙ በታሸገ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር እንጂ እንደ ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ የሚያፈስበት ቦታ ሳይታይ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ፍርድ ምርመራ አይባልም። ከታች ያሉት ብልሽቶች ሁሉ የኤሌክትሪክ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) የሆነው፣ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክል) ያልሆነው ኤሲያችን ሲበራ የውጪው ፋን ይዞራል፤ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) ግን ለጥቂት ሰከንድ «እምም» ብሎ ዝም ይላል፣ ከደቂቃዎች በኋላም ያንኑ ይደግማል። ኮምፕሬሰሩ ስለተቃጠለ ይቀየር ተብለናል። እውነት ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ የገለጹልኝ ምልክት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠረጥረው ካፓሲተሩን (ኃይል አጠራቅሞ ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ) ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ለመነሳት በካፓሲተር በኩል የሚደርሰው ሁለተኛ ከረንት ያስፈልገዋል። ካፓሲተሩ ሲደክም ሞተሩ ብዙ ከረንት እየሳበ መዞር ያቅተዋል፤ በዚህም ይግልና መከላከያው ያቋርጠዋል፣ ሲበርድ ደግሞ እንደገና ይሞክራል። የከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የውጪ አካል ካፓሲተሩ ቶሎ ማርጀቱ አይገርምም።

የካፓሲተሩ አናት አብጦ ከታየ ሌላ ማስረጃ አያሻም፤ አለማበጡ ግን ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም። መለካት አለበት፦ 30 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ)፣ ፕላስ ማይነስ 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈበት ካፓሲተር ከ28.5 በታች ካሳየ ይቀየር። አዲሱ በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት ደግሞ ከቀድሞው ያላነሰ ይሁን። መብራት ከተቋረጠም በኋላ ካፓሲተር ኃይል ይዞ ስለሚቆይ፣ ባለሙያው በሬዚስተር (ከረንት በሚገድብ ዕቃ) ኃይሉን ሳያራግፈው ማንም እንዳይነካው አደራ እላለሁ።

ኮምፕሬሰሩን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ገና በጋለበት ሰዓት የሞተሩ የሽቦ ጥቅሎች ሲለኩ፣ በውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያ ክፍት ስለሚሆን ሽቦው የተበጠሰ ይመስላል። በዚህ ስህተት ስንት ደህና ኮምፕሬሰር ለቁራሌው ተሸጧል! ሁለት ሦስት ሰዓት በርዶ እንደገና ይለካ፤ ያኔም ክፍት ከሆነ፣ ወይም ከጥቅሉ ወደ ብረቱ አካል የሚያፈስ ከሆነ ባለሙያው ትክክል ነው። ከዚያ በፊት ግን ሞተሩ በሚነሳበት ቅጽበት ሞርሴቶው (ሽቦዎቹ በብሎን የሚታሰሩበት ማገናኛ) ላይ ቮልቴጁን ያስለኩ፤ 220 መሆን የሚገባው ከ180 በታች የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነኝ። 18,000 ቢቲዩ ኤሲያችን ከበራ ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ ብሬከሩን ይጥላል። ትልቅ ብሬከር ላስገባ?

መልስ፦ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከር ማሳደግ ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነውና እባክዎን አያድርጉት። ኤሲው እንደበራ ወዲያው ቢጥል ኖሮ ሾርት እጠረጥር ነበር። ቆይቶ መጣሉ ግን ሙቀትን ያመለክታል። ይህ መጠን ያለው ኤሲ የሚስበው ወደ 8 አምፔር ስለሆነ፣ ለብቻው የተዘረጋ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቁታል። በእኔ ልምድ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ብሬከሩ ሥር ወይም ሞርሴቶው ላይ የላላ ብሎን ነው፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካዩ አገኙት ማለት ነው። የውጪው አካል በአቧራ መታፈኑም ከረንቱን ከፍ ስለሚያደርግ ይታጠብ።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የውስጡ አካል ጭራሽ ሞተ፤ ሪሞቱም አይሰማም።

መልስ፦ የጎረቤት ዕቃ አብሮ ተቃጥሏል? ከሆነ ምናልባት የመስመሩ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ተበጥሶ እስከ 380 ቮልት የሚደርስ ኃይል ገብቶ ይሆናል። ካርዱ (የኤሲው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ላይ ትንሽ ፊውዝ፣ አጠገቡም ቫሪስተር የሚባል ክብ ፍሬ አለ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ ቫሪስተሩ ራሱን ሠውቶ ፊውዙን ያስቆርጣል። ሁለቱ ብቻ ከተጎዱ በጥቂት ብር ይድናል። ፊውዙን በሽቦ አስተላልፎ «ሠራ» የሚል ሰው ግን ሙሉውን ካርድ ሊያስከፍልዎት ነው።

ጥያቄ፦ ሰመራ ላይ ኢንቨርተር ኤሲያችንን ወደ ሌላ ክፍል ካዛወርን ወዲህ የስህተት ኮድ እያሳየ ይቆማል።

መልስ፦ ኮዱ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ በመመሪያው ይታይ። ከዝውውር በኋላ ከሆነ ግን የውስጡና የውጪው አካል የሚነጋገሩበት ሽቦ ቦታው ተቀያይሮ ወይም ተቀጥሎ ላልቶ ይሆናል፤ በሁለቱም በኩል ቁጥሮቹ ይመሳከሩ። የውጪውን ካርድ እርስዎ አይክፈቱ፤ ከጠፋም በኋላ ለደቂቃዎች ወደ 310 ቮልት ይይዛል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲመለስ ኤሲው ፋኑ እየዞረ ማቀዝቀዝ ይዘገያል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። ኮምፕሬሰሩ የጋዙ ጫና እስኪቀንስ ወደ 3 ደቂቃ እንዲጠብቅ ሆኖ ተሠርቷል። እየደጋገሙ አያጥፉት፤ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።