ፊልም ለምትሠሩ ልጆቼ

ዕድሜዬን ፊልም በማቀናበር የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሥራችሁ በወጣ ሰሞን በሚወርድባችሁ ውግዘት ልባችሁ ሲሰበር ስላየሁ፣ ስለ አንድ ድምፅ አልባ የአሜሪካ ፊልም ልንገራችሁ።

ኦስካር ሚሾ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ መሬት አርሷል፤ መጽሐፍም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1920 መጀመሪያ ‹‹ዊዚን አወር ጌትስ›› የተሰኘ ድራማውን ቺካጎ ላይ አሳየ። ሲልቪያ የተባለች ጥቁር መምህርት በደቡብ ላለው የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ፍለጋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ያለፈው ሕይወቷ ሲገለጥ ግን ያሳደጓት ባልና ሚስት ባልሠሩት ግድያ ተወንጅለው ነጮች ተሰብስበው ሲሰቅሏቸው እናያለን።

የከተማው ሳንሱር መጀመሪያ ከለከለው። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1919 በጋ፣ ቺካጎ ውስጥ በተነሳው የዘር ግጭት 38 ሰው ሞቶ ነበር። ፊልሙ አይታይ ካሉት መካከል ጥቁሮችም ነበሩ። ፈሪዎች ብላችሁ እንዳትንቁብኝ፤ ሐዘናቸው ገና አልወጣም ነበር። ሌሎች ደግሞ ግፉ መታየት ያለበት አሁን ነው ብለው ተሟገቱ። በመጨረሻ እየተቆራረጠ ታየ፤ በደቡብ ጭራሹን አናሳይም ያሉ ሲኒማ ቤቶችም ነበሩ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ቅንብሩ ነው። ነጩ የፊልም ዳይሬክተር ግሪፊዝ በ1915 ‹‹ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን›› በተባለው ፊልሙ በሁለት ቦታ የሚሆነውን እያፈራረቀ በማሳየት ጥቁሮችን የሚያሸብረውን የነጮች ቡድን ኩ ክላክስ ክላንን አዳኝ አድርጎ አቀረበ፤ ጥቁሩን ወንድ ደግሞ ለነጭ ሴት አስጊ። ሚሾ በዚያው ዘዴ መልስ ሰጠ። እዚህ የሲልቪያን አሳዳጊዎች ሲሰቅሉ፣ እዚያ አንድ ነጭ ሰው ሲልቪያን ሊደፍር ይታገላታል። ደፋሪው ማን እንደሆነ ተመልካቹ በዓይኑ ያያል። ቁጣውን በጩኸት ሳይሆን በትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል ነው የተናገረው። ይህን ክፍል ደጋግማችሁ እዩት፤ ተማሩበት።

ከዚያ ፊልሙ ለአሥርት ዓመታት ጠፋ። ሚሾ ከ40 በላይ ፊልሞች ሠርቶ በ1951 ሲሞት የዚህ ፊልም ቅጂ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ አንድ ኮፒ ‹‹ላ ኔግራ›› በሚል ርዕስ ስፔን ውስጥ ተገኘ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1993 ሲያድሰው፣ በትዕይንቶቹ መካከል የሚነበቡትን፣ በስፓኒሽ የተተኩትን ጽሑፎች ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ግድ ሆነ። ዛሬ በእጃችን ካሉት በጥቁር አሜሪካዊ የተሠሩ ሙሉ ርዝመት ፊልሞች በዕድሜ ቀዳሚው እሱ ነው።

እናንተም ተቃውሞ ሲመጣባችሁ ሰዎቹ የፈሩት ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ እስከ መጨረሻው አድምጧቸው። የማይቆረጠውን ትዕይንት ግን ከማውጣታችሁ በፊት ለይታችሁ እወቁ። ያልተቆረጠውን ቅጂም ከነጽሑፉና ከነድምፁ ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ፣ በምታምኑት ሰው እጅ ይሁን።