የጢያ ትክል ድንጋዮች ቅርጽ እንዴት ይታያል?

ጥያቄ፦ ተማሪዎች ይዘን ጢያ ልንሄድ ነው። የድንጋዮቹ ቅርጽ በደንብ ስለማይታይ በጠመኔ እናጉላው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» የሚለውስ እውነት ነው? (አንድ መምህር፣ ከቡታጅራ)

መልስ፦ እባክዎ ጠመኔውን ትምህርት ቤት ይተዉት። ብናኙ የድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከዚያ የሚብሰው ግን የሚያጎላው ሰው መስሎ የታየውን መስመር መከተሉ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጎብኚ የሚያየው የጠራቢውን እጅ ሳይሆን የእሱን ግምት ይሆናል። ላዩ ላይ የበቀለውን ነጣ ያለ ሽፋንም አትፋቁ፣ የድንጋዩን ገጽ ይዞ ይነሳል።

ቅርጹን የሚያወጣው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው። ሰይፎቹ ቁልቁል የተቀረጹ ናቸው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትወርድ በርዝመታቸው ስለምትሄድ ጠርዛቸው ጥላ አይጥልም። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ደመና ከሆነ አንዱ ተማሪ በጃንጥላ ያጥላ፣ ሌላው የእጅ ባትሪ ከድንጋዩ ጠርዝ አጠገብ ሳያስነካ ይያዝና ብርሃኑን በገጹ ላይ አግድም ይልቀቀው። ደብዝዞ የነበረው ሰይፍ ወዲያው ጎልቶ ይታያል።

ከ36ቱ ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አላቸው፤ ሰይፍ፣ ክብ፣ ከግርጌ ደግሞ እንሰት የሚመስል ምልክት። ሰይፉ የተገደለ ጠላት ቁጥር ነው የሚባለው ግምት ስለሆነ ለልጆቹም እንደ ግምት ይነገራቸው። ወድቀው የነበሩና እንደገና የቆሙ ስላሉ ከአቋቋማቸው ተነስቶ አቅጣጫ መተርጎምም ያሳስታል።

«የግራኝ ድንጋይ» የሕዝብ አጠራር ነው፣ ይከበር። ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ ዘመን ይቀድማሉ፤ በቁፋሮ ከሥራቸው የተገኙት መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆኑ ኢማም አሕመድ (ግራኝ) የተነሱት በ16ኛው ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የመቃብር ስፍራ ነውና ድንጋይ ላይ መደገፍም መውጣትም አይገባም።

ከቡታጅራ ስለምትነሱ ጢያን በጠዋት ብርሃን አስቀድሙ። ከዚያ ከአለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምን፣ በመጨረሻ አዋሽ ዳር ያለውን መልካ ቁንጥሬ ሙዚየም እዩ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ድንጋይ ብቻ ስጡትና በእርሳስ ይሳለው፤ ያላየውን መስመር ግን እንዳይጨምር።