መልስ፦ ለፌቭር (Lefebvre) የሚለው የፈረንሳይ ስም ከየት መጣ?

ለፌቭር የመኳንንት ሳይሆን የሙያ ስም ነው፤ ትርጉሙ «ብረት ቀጥቃጩ» ሲሆን የመጣውም ፋበር ከሚለው የላቲን ቃል ነው። የትልቅ ዘር ምልክት ይሆን ወይ ብለው የጠየቁበት፣ መሐሉ ላይ ተጽፎ የማይነበበው «ቤ» (b)፣ የጥንት ጸሐፍት የላቲኑን ምንጭ ለማስታወስ የጨመሩት ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ «ቤ» ያለውም የሌለውም አንድ ስም ነው። በዚያን ጊዜ «ዩ» (u) እና «ቬ» (v) በአንድ ቅርጽ ይጻፉ ስለነበር ለፌቢዩር (Lefébure) ብለው ያነበቡት ነበሩ፤ የሚገርመው፣ ይህ የተሳሳተ ንባብ ዛሬ ራሱን የቻለ የቤተሰብ ስም መሆኑ ነው።

ለፌቭር በብዛት የሰሜን ፈረንሳይ ስም ነው። ይኸው ሙያ በደቡብ ፋብር እና ፎር፣ በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው በብሪታኒ ደግሞ ለጎፍ የሚሉ ስሞችን አስገኝቷል። በየመንደሩ ቀጥቃጭ ስለነበረ ስሙ መመሳሰሉ ብቻውን ዝምድናን አያሳይም።

መንግሥት መዝገቡን ከቤተ ክርስቲያን ከተረከበበት ከ1792 እ.ኤ.አ. በፊት ባለው መዝገብ የዘር ሐረግዎን ዱካ ያጡበት ምክንያት የአጻጻፍ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1539 እ.ኤ.አ. ባወጡት ድንጋጌ የጥምቀት መዝገብ እንዲያዝ ቢታዘዝም፣ ቄሱ ስሙን የሚጽፈው እንደሰማው ነበር። እንዲህ ያሉ መዝገቦችን ሳገላብጥ የአባትና የልጅ ስም በተለያየ ፊደል ተጽፎ ማግኘቴ የተለመደ ነው፤ ስለሆነም ሁሉንም አጻጻፎች ፈልገው ሳይጨርሱ የዘር ሐረጉ ተቋርጧል ብለው እንዳይደመድሙ።