ያገለገለ ቪትዝ ሊገዙ ላሰቡት ጠያቂ፦ ከቀብዱ በፊት የሞተር ቁጥሩን ያንብቡ

ይህን የምጽፈው አዳማ ውስጥ የአዲስ አበባ ታርጋ ያለው አሮጌ ቪትዝ እንዳገኙ፣ ሻጩ በውክልና እንደሚሸጥና ደላላው ቀብድ አምጣ እያለ እንደሚያጣድፋቸው ገልጸው «ምን ልመልከት?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን ነው። ስለ ጎማ፣ ስለ ባትሪና ስለ ስቱኮ ሌሎች አባላት በቂ ስለጻፉ አልደግመውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ገበያ ተሟሙቋል፤ ቀድሞ መለዋወጫው ተፈታቶ ይሸጥ የነበረ መኪና ሁሉ ዛሬ ተገጣጥሞና ተቀብቶ ስለሚወጣ፣ የደላላው ጥድፊያ ከዚህ የመጣ መሆኑን ይወቁት።

1. መሪው ዞሮ እንደሆነ ያረጋግጡ። በአገራችን ሰው ሁሉ ቪትዝ ይበለው እንጂ፣ ይህ ስም ቶዮታ ለጃፓን ገበያ የሰጠው ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ያው መኪና ያሪስ ይባላል። ጃፓን ውስጥ መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ የፋብሪካው የቪትዝ ጽሑፍ ኖሮት መሪው በግራ የሆነ መኪና ዞሮ የመጣ ነው ማለት ነው። የእኔም የዞረ ስለሆነ ሁሉም መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከክሩስኮቶው (ከዳሽቦርዱ) ሥር ጎንበስ ብለው በባትሪ መብራት ሲመለከቱ ላሜራው በወጉ የተበየደ ይሁን ወይስ ተቆርጦ በስቱኮ የተደፈነ ይሁን ለማንም ግልጽ ነው።

2. ሊብሬው ላይ የሰፈረውን የምርት ዘመን ከመኪናው ቅርጽ ጋር ያስተያዩ። የመጀመሪያው ቪትዝ የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ነው፤ ስለዚህ ቅርጹ የመጀመሪያው ሆኖ ሊብሬው 2007 የሚል ከሆነ ደላላው ምንም ቢያስረዳዎት አይስሙት። የሻንሲ ቁጥሩንም በዓይንዎ ያንብቡ፤ በአንዳንዶቹ ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ በስተጀርባ ባለው ላሜራ ላይ፣ በሌሎቹ ደግሞ ከፊት ወንበር ሥር ምንጣፉ ሲገለጥ ያገኙታል።

3. ሞተሩ። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ እኔን ያንገላታኝ ይኸው ነውና።

መኪናውን ሳልገዛ ለምርመራ ይዤው የሄድኩት መካኒክ ዕድሜውን በአዳማ ጋራዦች ያሳለፈ ሰው ነው። ኮምፕረሽኑን ለካ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ አየ፣ የማርሚታውን ጭስ ተመለከተና «ይህ ሞተር ገና ልጅ ነው» አለኝ። በዚያ አልረካሁም፤ አራት ሆነን በቀትር ሐሩር ወደ አሰላ መንገድ ወጣን፤ አዳማ ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት የሞተርን ጉልበት ስለማያሳይ፣ መኪና የሚገዛ ሁሉ ከዴራ ወደ ኢተያ ያለውን ዳገት እንዲሞክር እመክራለሁ። የእኔ ቪትዝ ያን ዳገት ማርሽ ሳያስለምን ወጣው፤ የሙቀት መለኪያው ቀስትም ንቅንቅ አላለም። ሻጩን ሞተሩ ተቀይሮ እንደሆነ በምስክር ፊት ጠይቄው «የፋብሪካው ነው» ብሎ መልሶልኛል።

ነገሩ የተገለጠው ለስም ዝውውር መኪናው በቴክኒክ ባለሙያ ሲታይ ነው። ባለሙያው በናፍጣ በራሰ ጨርቅ የሞተሩን ብሎክ ጠረገው፤ ከቅባቱና ከአቧራው ሥር የወጣው ቁጥር የሚጀምረው በ2ኤስዜድ ነበር። ሊብሬው የሚለው ግን 1ኤስዜድ፣ 997 ሲሲ። ለማያውቅ ሰው የአንዲት አኃዝ ልዩነት ብትመስልም፣ 1ኤስዜድ ባለ 1 ሊትር፣ 2ኤስዜድ ግን ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ነው። ዳገቱን እንዲያ ያስወጣው ጉልበት ከየት እንደመጣ፣ መካኒኩም ሞተሩን ለምን «ልጅ» እንዳለው ያን ጊዜ ታወቀ። የተቀየረ ሞተር መኖሩ ወንጀል አይደለም፤ ለውጡ ቀርቦ ከተመዘገበ ሊብሬው ይስተካከላል፣ ሞተሩም ከቀድሞው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ያልተመዘገበ ሲሆን ግን መዘዙ በገዢው ላይ ይወድቃል።

ስሙን የማልጠራው ቢሮ ውስጥ በመስኮቱ በኩል የተቀበለኝ ሠራተኛ ፋይሉን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መልሶ ገፋልኝና «ሞተሩን እኔ አልቀየርኩት፤ የቀየረውን አምጣ» አለኝ። የትኛውን ሰነድ ማሟላት እንዳለብኝ ስጠይቀው፣ ባለንብረቱ ስላልሆንኩ ሊያስረዳኝ እንደማይገደድ ነገረኝ። ከኋላዬ ተራ የያዙ አንዲት እናት ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ የሞተሩ መግዣ ደረሰኝና ጉምሩክ የወጣበት ዲክላራሲዮን እንደሚያስፈልግ የነገሩኝ። የመንግሥት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግረኝ የሚችለውን ከወረፋ ተማርኩ።

ቀጥሎ የመጣው የውክልናው ጣጣ ነው፤ የእርስዎም ሻጭ በውክልና የሚሸጥ ስለሆነ ይህን በጥንቃቄ ያንብቡት። የመኪናው ባለቤት ውጭ አገር የሚኖር ሰው ሲሆን፣ ለወኪሉ የሰጠው ሥልጣን መኪናውን መሸጥና ስም ማዛወር ብቻ ነበር። የሞተር ለውጥ እንዲመዘገብ ማመልከት በውክልናው ላይ ስላልተጻፈ፣ ወኪሉ ደረሰኙን ይዞ ቢመጣም ቢሮው አልተቀበለውም፤ አዲስ ውክልና በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ቦሎው አለፈበት። ደላላውን ብጠራው ደግሞ «እኔ ያገናኘሁት ሰውን ከሰው ነው እንጂ ሞተርን ከሻንሲ አይደለም» ብሎኝ አረፈ። ኮሚሽኑን ግን ከሁለታችንም ተቀብሏል።

ያዳነኝ በራሴ ብልሃት ውሉ ውስጥ ያስገባሁት አንቀጽ ነው፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ደላላውም ወኪሉም «እንዲህ ያለ ነገር አይለመድም» ብለው ተከራክረውኝ ነበር። ከዋጋው ላይ 80,000 ብር ስሙ በእኔ ስም እስኪዞር ድረስ በእጄ እንዲቆይ፣ ለሊብሬውና ለመኪናው አለመመሳሰል የሚወጣው ወጪም ሁሉ በሻጩ እንዲሸፈን አስጽፌያለሁ። ያ ገንዘብ ባይኖር ወኪሉ ስልኬን ያነሳ ነበር ብዬ አላምንም። ለእርስዎም የምለው ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለውን አንቀጽ እምቢ የሚል ሻጭ ከገጠመዎት ሌላ መኪና ይፈልጉ።

4. ቀሪዎቹን በአጭሩ ልንገርዎት። ፋይሉ ካለበት ጽሕፈት ቤት የዕዳና የእገዳ ማጣሪያ በራስዎ ወይም በሚያምኑት ሰው ያውጡ፤ ደላላው ያመጣልዎትን ወረቀት አይቀበሉ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ለእርስዎ ሊዛወር አይችልም። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ካልሆነ ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ መቅረብ አለበት። ውክልናውን የሰጠው ሰው በሕይወት መኖሩንም ያረጋግጡ፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይፈርሳልና፤ በስልክ በምስል ያነጋግሩት፣ ሞተሩ ተቀይሮ እንደሆነም ከወኪሉ ሳይሆን ከእሱ ይጠይቁ።

ታርጋውን በተመለከተ ላነሱት ጥያቄ፣ የአዲስ አበባ መሆኑ በራሱ አያስፈራዎት። ፋይሉ ወደ አዳማ እንዲዛወር ከፈለጉ ግን መኪናው እንደገና ሊታይ ስለሚችል፣ የዝውውሩን ወጪ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ያስጽፉ። ለምርመራ ሲሄዱም ባትሪ መብራት፣ ናፍጣ የነካ ጨርቅና የሊብሬውን ኮፒ ይዘው ይሂዱ፤ መካኒኩ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት የሞተር ቁጥሩን ጠርጎ ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎት ያድርጉ፣ እርስዎም እያንዳንዷን ፊደልና አኃዝ ከሊብሬው ጋር እያስተያዩ ምልክት ያድርጉ።