መልስ፦ በርሜሌ ከሰል ሳይሆን አመድ የሚሰጠኝ ለምንድን ነው?

ሐዋሳ በሚገኘው ጓሮዎ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሲያከስሉ አመድ ብቻ የሚያገኙት፣ በበርሜሉ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች የሚገባው አየር ፍሙን እስከ መጨረሻው ስለሚያነደው ነው። ቀዳዳዎቹን በጭቃ ይድፈኑና በጥቂት ጭራሮ እሳት ይጀምሩ፤ ከላይ የሚንቀለቀለው ነበልባል አየሩን ስለሚጨርሰው ከሥር ያለው ፍም አመድ ከመሆን ይተርፋል።

በፍሙ ላይ እንደ ዱቄት የሳሳ ነጭ አመድ መታየት በጀመረ ቁጥር፣ በደንብ የደረቀ ቆረቆንዳ በስሱ ይጨምሩበት። በርሜሉ ሞልቶ ነበልባሉ ሲከስም ሳይዘገዩ ብዙ ውኃ አርከፍክፈው ያጥፉት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ እኔ ባዮቻሩን (አፈር ላይ የሚጨመረውን ይህን ከሰል) እንደወጣ ጎመን መደብ ላይ በትኜው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖብኛል፣ ጥሬው ከሰል የአፈሩን ናይትሮጅን ይዞ ያስቀራልና። ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ቢያንስ ለ2 ሳምንታት በእርጥበት ያቆዩት።