መልስ፦ የእናቴ ፖታሲየም 5.8 ነው ተባለ፣ ልደንግጥ?

ወንድሜ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ የተቀዳው የእናትህ ደም ደብረ ብርሃን ተልኮ «ሶዲየም 138፣ ፖታሲየም 5.8» መባሉንና ለደም ግፊት ኤናላፕሪል እንደሚወስዱ ጽፈሃል። ሶዲየሙ ደህና ነው፤ አብዛኛው ላብራቶሪ ከ135 እስከ 145 ይቀበለዋል። የፖታሲየም ልክ ግን ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ስለሆነ የእሳቸው ከፍ ብሏል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የደሙን አቀዳድና የተጓዘበትን መንገድ ነው። ፖታሲየም በብዛት የሚገኘው ሴሎች ውስጥ ነው። ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ የደም ሴሎች ከፈነዱ፣ በውስጣቸው ያለው ይፈስና ቁጥሩን ያለ አግባብ ያንረዋል። ባይፈነዱም እንኳ፣ ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከሴሎቹ ሳይለይ ደሙ ለሰዓታት ብርድ ላይ ከቆየ ፖታሲየም ከሴሎቹ ይሾልካል። የመንዝን ውርጭ መቼም ለአንተ አልነግርህም! ክንድን አጥብቆ አስሮ ጡጫ ደጋግሞ ማስጨበጥም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ግን «የመንገድ ነው» ብለህ እንዳትተወው። ኤናላፕሪል ራሱ ፖታሲየም ይጨምራል፣ በተለይ ኩላሊት ከደከመ። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ካልሆነ ነገ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ይዘሃቸው ሂድና ደሙ እዚያው ተቀድቶ ይደገም፤ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሪያቲኒንና የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ኢሲጂም አብሮ ይታይ። መድኃኒቱን በራስህ አታስቁማቸው፣ ሐኪሙ ይወስን። እስከዚያው ፖታሲየም የሚበዛባቸው ሙዝና አቮካዶ ይቅርባቸው። ጡንቻቸው ከዛለ፣ የልብ ምታቸው ከተዛባ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን እስከ ነገ አትጠብቅ፤ በቀጥታ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል።